ከአንተ ወደ አደጋው የሚሄደው ቀስት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9
ከጠዋቱ አራት ሰዓት

አባዬ፣

ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ አክስትሽን ላገናኝሽ» እያልክ ስለምታመልጠኝ ዛሬ በወረቀት መጣሁብህ። ወረቀትን ለአክስቴ አቀብሎ መገላገል አይቻልም። ብትፈልግ አጣጥፈህ ኪስህ ውስጥ ክተተው፤ አንድ ቀን ግን ታነበዋለህ። የክኒን መመሪያ እስከ መጨረሻዋ መስመር ሳያነብ የማይውጥ ሰው ደብዳቤ ሳያነብ ይቀራል ብዬ አላምንም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው። እሑድ ዕለት ኮምፒዩተሩ ፊት ተጎልቼ ብታገኘኝ በሩ ላይ ቆማ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ዕቃ ጋር የምታወሪውን ሩቡን ከሰው ጋር ብታወሪ ኖሮ እስከዛሬ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር» አለችኝ። ሳቅኩ። ያ ሲያንኳኳ የሚያድር የመኝታ ቤታችሁ መስኮት ተሠርቷል። እማዬ ግን ድምፁ ስለቀረባት እንቅልፍ አጥታለች፤ ከመስኮቱ ጋር የሚያንኮራፋው ሰውዬም የለም መቼስ።

አክስቴ ስላንተ የነገረችኝን አልደብቅህም። እዚያ ከደረስክ ወዲህ መኪና የሚባል ነገር ላይ አልወጣህም አሉ። ለአክስቴ ሱቅ ሚስማርና ቀለም ለማምጣት እንኳ ከተማውን በእግርህ አቋርጠህ ትሄዳለህ፤ ዕቃውን በሰው ታስልካለህ። ዕድሜህን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ ኖረህ አሁን የሰው መኪና ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተህ። ይህን ስሰማ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። በአንተ ግን አይደለም።

የሸኘሁህ ቀን ትዝ ይልሃል? መናኸሪያው በር ላይ ቆመን ክንዴን ይዘህ፣ «እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። ያን ቀን መሪው ላይ እኔ ባልሆን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ልብስ ሰፊ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር?» አልከኝ። እኔም «አባዬ፣ እንዲህ አይባልም» ብዬ ጉንጭህን ስሜ ላክሁህ። ለጥያቄ መሳም መልስ አይሆንም። አንተ ሄድክ፣ ጥያቄህ ግን እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት እሱን ለመመለስ ነው። ታገሠኝና ከሥሩ ልንገርህ።

አደጋውን ያጣራውን ኮሚቴ ሪፖርት አላየውም ብለህ ስለሄድክ ምን እንዳለ አታውቅም። በቁልቁለቱ መስመር ላይ ባለፉት ዓመታት የደረሱትን አደጋዎች፣ ለጥቂት የተረፉትንም ጨምረው ደመሩ። ሾፌሮቹን ነባርና አዲስ ብለው ለሁለት ከፈሉ። ነባሮቹ ላይ የደረሰው አደጋ የአዲሶቹን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። «ልምድ መዘናጋትን ይወልዳል» ብለው ጻፉ። በአንተ ስም ሥር ደግሞ «በልምዱ ተማምኖ ፈጠነ» የሚል ሰፈረ። አባዬ! መናኸሪያው በሙሉ «አዝጋሚው» እያለ ሲቀልድበት የኖረውን ሰው! ተሳፋሪ «ሾፌር፣ በእግራችን ብንሄድ ይሻለን ነበር» ሲልህ «ውረድና እንሽቀዳደም» የምትለውን ሰው!

ከሪፖርቱ የባሰው ትእዛዙ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ነባሮቹ በሙሉ ከቁልቁለቱ ተነሥተው በአዲሶች ይተኩ ተባለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እኔው ራሴ ደምሬ አረጋግጫለሁ። የተነበበው ግን ተገልብጦ ነው።

የስምሪት ኃላፊዋን ታውቃታለህ፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣ የገበያ ቀን ሆኖ አውቶቡሱ ጢም ሲል ማንን ነው የምትጠራው? አንተንና አንተን የመሰሉትን። ፀሐይ ሲሆን አዲሶቹን ትልካለች። ክፉ ቀን ሁሉ ለነባር፣ ደግ ቀን ሁሉ ለአዲስ ከታደለ በኋላ «ነባር ሾፌር አደጋ ያመጣል» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በዚህ ዓይነትማ ሐኪምም በሽታ ያመጣል፤ እሱ ባለበት ሁሉ በሽተኛ አይታጣም።

ይህን ለድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ በቃል ነገርኳቸው። «ግምት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግምት ነበር። ስለዚህ ግምቴን ማንም ሊፈትነው፣ ሊያፈርሰውም በሚችል ቋንቋ ልጽፈው ቆረጥኩ።

የኮምፒዩተር ቋንቋ እንደ መኪና ነው አባዬ። ጭነት የሚጭን አለ፣ ሰው የሚጭን አለ፣ እሳት ለማጥፋት ብቻ የተሠራም አለ። እኔ የያዝኩት ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ነው፤ ምን ምንን እንደሚያመጣ ለመጻፍ። ዝናብ መንገዱን ያረጥባል ብለህ አንድ ቀስት ታሰምራለህ። ዝናብ የስምሪት ኃላፊዋን ምርጫ ይለውጣል፤ ሌላ ቀስት። ጭነት ፍሬን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን አይዝም፤ ሌላም ሌላም። የቀስቱን ውፍረት ግን አንተ አትወስንም። ከተመዘገበው ጉዞ ሁሉ እየተማረ አንዱን ያወፍራል፣ አንዱን ያቀጥናል። ማስረጃ ያነሰው ቦታ ሲደርስ «እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል። ይህን የሚል ሰው ቢሮአችን ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው። ከፊትህ የሚሄደው መኪና የኋላ ቀይ መብራቱ ሲበራ ሊቆም እንደሆነ ታውቃለህ። አሁን አንድ ቀልደኛ ያንኑ መብራት በሽቦና በባትሪ ቢያበራውስ? መኪናው አይቆምም። መብራቱ ያው መብራት ነው፤ ነገር ግን «በርቶ አየሁት» እና «እኔ አበራሁት» ሰማይና ምድር ናቸው። ኮሚቴው መብራት አብርቶ መኪና ሊያቆም ነበር የተነሣው። ይኼ ቋንቋ ግን ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። «አድርግ» የምትል ትእዛዝ አለችው። «አድርግ፤ ሾፌሩ አዲስ ይሁን» ስትለው ከዝናቡ ወደ ሾፌሩ የሚመጣውን ቀስት ይበጥሰዋል። ዘነበም አልዘነበም መሪው ላይ አዲስ ሰው አስቀምጦ የሚሆነውን ያሰላልሃል።

መጀመሪያ ያሰመርኩት ቀስት የትኛው እንደሆነ ልንገርህ? ከአንተ ወደ አደጋው የሚሄደውን ነው።

ሳላሰምረው ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ነገር ግን እሱን ካላሰመርኩ፣ ገና ከጅምሩ «አባቴ የለበትም» ብዬ ከጻፍኩ፣ ማሽኑ መልሶ የሚያሰማኝ የራሴን ልብ ነው። ልቤ የሚለውን ደግሞ ያለ ኮምፒዩተርም አውቀዋለሁ። ስለዚህ አሰመርኩት፤ ማስረጃው ያወፍረው ወይም ያቅጥነው ብዬ ተውኩት።

ሳስኬደው የትእዛዙ ነገር ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ አዲሶቹን በክፉው ቀን ካሰማራን አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። አንገታቸውን ሳያቀኑ «የአባትሽ ጉዳይ ነው፤ እጅሽን አውጪ» አሉኝ።

«ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ይኼኔ ቀና አሉ። ስከራከራቸው ነበር የጠበቁት።

«ልክ ነዎት፤ ስለዚህ ቀስቶቹን እኔ ብቻዬን አላሰምርም። የማያምኑኝ ሰዎች ይምጡና የራሳቸውን ያሰምሩ። እኔ ጸሐፊያቸው እሆናለሁ።»

ሦስት ሰዎች ጠራሁ። የስምሪት ኃላፊዋን፣ የጋራዡን አለቃ ሞረድንና የኮሚቴውን ሰብሳቢ፣ ኢንጂነሩን። ሞረድን ታውቀዋለህ፤ ገና በሩን ሲገባ መጣላት ይጀምራል። «እኔ ቀስት የማውቀው የመንገድ ምልክት ላይ ነው» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ ግን እርሳሴን ነጥቆኝ ወረቀቱን በግሪስ እያቀለመ ማስመር ጀመረ። ለእሱ ጥፋተኞቹ አዲስ የመጡት ከባድ አውቶቡሶች ናቸው፤ «ዝሆን በብስክሌት ፍሬን አይቆምም» ነው የሚለው። የስምሪት ኃላፊዋ ደግሞ «ከላይ ያለው ማረፊያ ከተሰረዘ ወዲህ ነው ጣጣው የመጣው» አለች። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ጎማ የምታዩበትና ፍሬኑ የሚበርድበት ያ ቦታ፣ ጊዜ ይበላል ተብሎ ከፕሮግራሙ የወጣው። ኢንጂነሩ በበኩሉ «ሾፌሩ ነው» አለ። የእሱን ቀስት እንዳለው አድርጌ አወፈርኩለት። «ይበቃዎታል?» አልኩት። «ትንሽ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩበት።

ሦስቱንም በየራሳቸው ጻፍኩና አስኬድኳቸው። በአንድ ነገር ላይ ሦስቱም ተስማሙ፣ የኢንጂነሩ ጭምር። አዲሶቹን በዝናብ ቁልቁለቱ ላይ መላክ ሰው መጨረስ ነው። ኢንጂነሩ ስክሪኑን ደጋግሞ አየ። ከዚያ «ትእዛዙ ይቆይ» ብሎ ሄደ። ቀጥተኛ ሰው ነው፤ ይህን ስለ እሱ ማወቅ አለብህ።

በምክንያቱ ላይ ግን ማሽኑ አሻፈረኝ አለ። ከባድ አውቶቡሶቹ የመጡትና ማረፊያው የተሰረዘው በአንድ ሰሞን ነው። ሁልጊዜ አብረው የሚታዩ መንታዎች ሆኑብኝ፤ ዕቃ ሲሰበር የትኛው እንደሰበረው አይታወቅም። ያለፈውን ብናገላብጥ ብናገላብጥ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። መለያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱን መንታ ከቤት ማውጣት። ማለትም፣ አድርጎ ማየት።

ዕጣ እንጣል አልኩ። በየጠዋቱ የትኛው አውቶቡስ አፋፉ ላይ ቆሞ እንዲያርፍ፣ የትኛው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የስምሪት ኃላፊዋ ከቆርቆሮ ታወጣለች። እኛ ደግሞ ሥር ቆመን የፍሬኑን ሙቀት እንለካለን። አደጋ እስኪደርስ አንጠብቅም፤ ሙቀቱ ይነግረናል። ሥራ አስኪያጁ እምቢ አሉ። ኢንጂነሩ «ይሁን፤ በሌላ ጊዜ እንዳትጨቀጭቀን» ብሎ አስፈቀደልኝ። ሊረዳኝ ሳይሆን ሊረታኝ ነው፤ ለእኔ ግን ያው ነው።

እንዲህ ሆኖ ቁልቁለቱ ሥር ከሞረድ ጋር ሰነበትኩ። እሱ ሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ጎማው ላይ ይደግናል፣ ቁጥሩን ይጮኻል፣ እኔ እጽፋለሁ። በየመሀሉ ከሾፌሮች ሁሉ ጋር ይሰዳደባል። ስለ አንተ አንድም ቀን አላነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ እየበላን ሳለ፣ «የአባትሽን የፍሬን ሸራ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት። አዲስ ነበር» አለኝና ፊቱን አዞረ። እሱም የራሱን ቀስት ተሸክሞ እንደሚዞር ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ።

ዝናብ አልነበረም። የማረፊያ ዕጣ ያልወጣላት ከባድ አውቶቡስ ነበረች፤ የምትነዳው ባለፈው ዓመት የተቀጠረችው ሾፌር ናት። ከማየታችን በፊት ሸተተን፤ የተቃጠለ ሸራ። ከዚያ ከኋላ ጎማዎቿ ነጭ ጭስ እየተፋች ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ጥሩምባው አያቋርጥም። ሞረድ ክንዴን ጎትቶ ከመንገዱ አወጣኝ። ልጅቷ ማርሹን እየቀነሰች መጥታ፣ ሥር ያለውን የአሸዋ ማከማቻ በር ጥሳ ገባችና ክምሩ ላይ ተሰክታ ቆመች። ማንም አልሞተም። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸውን ተፈነከቱ፤ ሌላው ሰው በራሱ እግር ወረደ።

ልጅቷ ግን አልወረደችም። መሪውን እንደጨበጠች ቀርታለች። ጣቶቿ አልፈታ ብለዋል። ያ ተሳዳቢው ሞረድ ወጥቶ አጠገቧ ተንበረከከና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀላት። ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ረግጬው ነበር። እውነቴን ነው፣ ረግጬው ነበር።»

አባዬ፣ አንተም ሆስፒታል ተኝተህ ስትል የነበረው ይህንኑ ነው። በዚያው ቃል።

ሙከራው ገና አላለቀም ነበር። ኢንጂነሩ መጥቶ አሸዋው ላይ የተሰካችውን አውቶቡስ ዞሮ አየና፣ «አንድ አውቶቡስ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ዕጣው ይቀጥል» አለኝ። በትምህርቱ ልክ ነበር። አሁን ካቆምን ውጤቱ ይሳሳል፤ ጠላት የሚገባበት ቀዳዳ ይኖረዋል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ቆርቆሮው ሳይ የሚታየኝ ቁራጭ ወረቀት አልነበረም፤ ሰው ነው። ስምሪት ክፍል ገባሁና «ከነገ ጀምሮ ሁሉም አፋፉ ላይ ይቁሙ» አልኩ።

«በማን ትእዛዝ?» አለች የስምሪት ኃላፊዋ።

«በእኔ።»

እንኳን አውቶቡስ ላዝዝ፣ ለእኔ ዘበኛውም በር የሚከፍተው እየከበደው ነው። እሷ ግን እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ ጻፈች። ከማግሥቱ ጀምሮ ሁሉም ቆሙ።

ቀዳዳው በእርግጥም ተገኘ። ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ «ያለ ሥልጣኗ አዘዘች፣ የራሷን ሙከራ ራሷ አበላሸች፣ የአባቷ ጉዳይ ነው» ብለው ጀመሩ። ሦስቱንም አመንኩላቸው። ከዚያ ያለንን አቀረብኩ። ቀላል አውቶቡስ ቢቆምም ባይቆም ያን ያህል ለውጥ የለውም። ከባዱ ግን ሳያርፍ ሲወርድ ፍሬኑ ከሚችለው በላይ ይግላል፤ ሲያርፍ ይበርዳል። ሞረድም የስምሪት ኃላፊዋም ግማሽ ግማሽ ልክ ነበሩ፤ መንታዎቹ አብረው ነው ዕቃ የሚሰብሩት። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩና ምን ያህል እንዳልሆንኩም ሳልሸፍን ተናገርኩ። ኢንጂነሩ ተነሣ። ይሟገተኛል ብዬ ወገቤን አጠበቅኩ። እሱ ግን፣ «የእኔ ቀስት ቀጥኗል። ወፍራም አድርጌ ነበር የጀመርኩት፤ ቁጥሩ አቀጠነብኝ። ሪፖርቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የማርመውም እኔ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ።

ሥራ አስኪያጁ ይህም አልበቃቸውም። ሰዓት ይባክናል፣ መስመሩ ይዘገያል ማለት ጀመሩ። ያኔ ከኋላ አንድ ሰው እጃቸውን አነሡ። የልብስ ሰፊዋ ባል ናቸው። ለቤተሰቡ ይነገር ተብሎ ተጠርተው ነበር፤ እኔ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

«የባለቤቴን ገዳይ ስም ልትነግሩኝ ከሆነ የጠራችሁኝ፣ ስም አልፈልግም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ አውቶቡስ ነው። ሌላ መንገድ የላትም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አፋፉ ላይ ይቆማል ወይስ አይቆምም?»

ሥራ አስኪያጁ ብዕራቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ይቆማል» አሉ በመጨረሻ።

እንዲህ ነው ያለቀው። ማረፊያው ወደ ፕሮግራሙ ተመልሷል፤ ከባድ አውቶቡሶቹ ዝናብ ሲሆን በሙሉ ጭነት አይወርዱም። ነባሮቹ ይነሡ የሚለው ትእዛዝ ተሽሯል። በአንተ ስም ሥር የነበረው ዓረፍተ ነገርም ወጥቷል፤ የታረመውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ፣ የኢንጂነሩ ፊርማ አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይኼ ቋንቋ «አየሁ» እና «አድርግ» ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ሦስተኛም አለው፣ «ባይሆን ኖሮ» የሚለው። ያንን ቀን እንዳለ ያዝኩት። ያው ዝናብ፣ ያው ከባድ አውቶቡስ፣ ያው ጢም ያለ ተሳፋሪ፣ ያለ ማረፊያ። መሪው ላይ ያለውን ሰው ብቻ ለወጥኩና ደጋግሜ ደጋግሜ አስነዳሁት። በአብዛኛው ያው ከመንገድ ወጣ። በጥቂቱ በሰላም ደረሰ። በጥቂቱ ደግሞ ከዚያ ቀን እጅግ በከፋ ሁኔታ አለቀ። ቀጥሎ አንተን መልሼ መሪው ላይ አስቀመጥኩህና ማረፊያውን ብቻ መለስኩ። በአብዛኛው ልብስ ሰፊዋ ገበያ ደረሰች።

ቀስትህ ዜሮ አልሆነም አባዬ። ዜሮ ነው ብልህ አታምነኝም ነበር፤ ማመንም የለብህም። ሌላ ሰው ቢሆን ትተርፍ ነበር የምትልበት ጥቂት ቦታ አለ፤ እሱን ልነጥቅህ አልችልም። ነገር ግን ቀጭን ነው። አንተ ጫንቃህ ላይ ጭነህ እስከዚያ ድረስ የወሰድከውን ያህል አይደለም። ደግሞም በቀኝ ገደል፣ በግራ አፈር በሆነበት ቦታ መሪውን ወደ አፈሩ የጠመዘዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። የጎማው ምልክት መንገዱ ላይ ነበር።

ባልየው ደረጃው ላይ አገኙኝ። «አባትሽ የት ነው?» አሉኝ። እህቱ ጋ፣ ሩቅ ነው አልኳቸው። «የቀብሯ ዕለት በክራንች ቆሞ አይቼዋለሁ። ያኔ ላየው አልፈለግኩም። አሁን ቢመጣ ሰላም እለዋለሁ፤ እንዲህ በይው» አሉ።

የስምሪት ኃላፊዋም መልእክት አላት። ክረምቱ ሳይከፋ አዲሶቹን በባዶ አውቶቡስ ቁልቁለቱን የሚያስተምር ሰው ትፈልጋለች። ያቺ አሸዋው ላይ ያቆመችው ልጅ «አዝጋሚው የሚባለው ሰውዬ ቢመጣ እሱ ያስተምረኝ» ብላ ጠይቃለች። መሪ አትይዝም፤ አጠገቧ ተቀምጠህ መናገር ብቻ ነው። እምቢ ማለት ትችላለህ። እምቢ ስትል ግን እዚህ መጥተህ፣ ዓይኗን እያየህ እምቢ በላት።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ከእንግዲህ ግን በቢሮው ስልክ አትደውልልኝ፤ እዚያ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው፣ በእጅ ስልኬ ደውል። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረችውን ተክል ወደ ቤት አምጥቻታለሁ፤ እዚህ ብርሃኑ ይሻላታል። እማዬም ጠዋት ጠዋት የሚያጫውታት ሰው በማግኘቷ አልከፋትም። አንዳንዴ ሳታስበው ትክ ብላ ታየኝና «እንኳን አደረግሽው» ትላለች። ምኑን እንደሆነ አትጠይቃት።

አውቶቡስ መሳፈር እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዝ፤ እጁን ማየት ከቻልክ ይቀልሃል። ቢብስብህ ውረድና አየር ወስደህ ቀጣዩን ጠብቅ። ቀስ ብለህ ና እንጂ አትቅር።

እግርህን ያጽናልህ። እንቅልፍህን ይመልስልህ። አክስቴን ዕድሜ ይስጥልን፣ ሱቋ ይሙላ። አንተም ከዚያ ሆነህ መርቀኝ፤ ዘንድሮ ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገኛል።

የምትመጣበትን ቀን ለአክስቴ ብቻ ንገራት። መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ሰኞም ይሁን ረቡዕ፣ ጠዋትም ይሁን ከቀትር በኋላ፣ ደስ ባለህ ሰዓት ና። ጊዜ አለኝ።

ልጅህ